የኮርቲሶል ምት፦ በየአስር ደቂቃው ደም እየቀዱ ሆርሞንን መከታተል

ሐኪም የጠዋት ኮርቲሶል ሲያዝ ከላብራቶሪ የሚመለሰው ወረቀት አንድ ቁጥር ብቻ ይዟል፤ 310 ናኖሞል በሊትር እንበል። ቁጥሩ ደሙ ለተቀዳባት ደቂቃ ትክክል ነው። ነገር ግን ያው ሰው ከ40 ደቂቃ በፊት ቢቀዳ 190፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ ቢቀዳ ደግሞ 240 ሊወጣለት ይችል ነበር፤ ያውም አንዳች ሕመም ሳይኖርበት። አድሬናል ዕጢ ኮርቲሶልን የሚለቀው በምት በምት ነው። ለጥቂት ደቂቃ ይለቃል፣ ጋብ ይላል፣ እንደገና ይለቃል። አንድ ናሙና ሽቅቡ ላይ ይረፍ ቁልቁለቱ ላይ፣ ከቁጥሩ ማወቅ አይቻልም።

«የጭንቀት ሆርሞን» የሚለው ስም ራሱ ትንሽ ያሳስታል። ድንጋጤ፣ ቀዶ ሕክምና፣ ኢንፌክሽን ኮርቲሶልን ከፍ ያደርጋሉ፤ እውነት ነው። ግን ምንም ሳይደርስበት አልጋ ላይ ተጋድሞ የዋለ ሰውም በቀን ብዙ ምቶች አሉት። ስለዚህ ግራፍ ላይ የወጣ እያንዳንዱ ጉብታ የጭንቀት ምልክት አይደለም፤ አብዛኛው የዕለት ተዕለት ሥራው ነው።

ይህን በግልጽ ያሳዩት በኒው ዮርክ የነበሩት ኤሊየት ዋይትዝማንና ባልደረቦቻቸው ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1971 ባሳተሙት ጥናት ከጤነኛ ሰዎች ለ24 ሰዓት በየ20 ደቂቃው ደም ቀድተው፣ ዕጢው የቀኑን ትልቅ ክፍል ሳይለቅ እንደሚያሳልፍና ሥራውን በተቆራረጡ ጊዜያት እንደሚጨርስ አሳዩ። ዘዴው ዛሬም በመሠረቱ ያው ነው፦ አንድ ካኑላ (ደም ሥር ውስጥ ገብቶ የሚቆይ ቀጭን ቱቦ)፣ አንድ ሰዓት፣ ብዙ ቱቦ፣ ሌሊቱን የማይተኛ ሰው። የተለወጠው የመለኪያው ጥራትና ከቁጥሮቹ በኋላ የሚሠራው ስሌት ነው።

ምቱ ከየት ይመጣል?

አንጎል ውስጥ ያለው ሃይፖታላመስ ሲአርኤችና ቫዞፕሬሲን የሚባሉ መልእክተኞችን ወደ ፒቱታሪ ዕጢ ይልካል። ፒቱታሪ ኤሲቲኤች ይለቃል። ኤሲቲኤች በደም ተጉዞ ከኩላሊት በላይ ያሉትን አድሬናል ዕጢዎች ሲደርስ ኮርቲሶል ይሠራል። ኮርቲሶል ደግሞ ተመልሶ ፒቱታሪንና ሃይፖታላመስን «በቃ» ይላቸዋል።

ዋናው ነገር መዘግየቱ ነው። አድሬናል ኮርቲሶልን አከማችቶ አይጠብቅም፤ ትእዛዝ ሲደርሰው ከኮሌስትሮል እንደ አዲስ ይሠራል። ስለዚህ ኮርቲሶል ከኤሲቲኤች ወደ አሥር ደቂቃ ገደማ ወደ ኋላ ይቀራል። የብሪስቶል ዩኒቨርሲቲዎቹ ጄሚ ዎከርና ስታፎርድ ላይትማን ከባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ2010 በሒሳብ እንዳሳዩት፣ ይህ መዘግየትና የ«በቃ» ምልክቱ ብቻ ምት ለመፍጠር ይበቃሉ፤ አንጎል ውስጥ ምት የሚመታ ሌላ ሰዓት መፈለግ ግድ አይደለም። በ2012 ደግሞ ለአይጦች ሲአርኤች ሳይቆራረጥ በቋሚ መጠን ሲሰጣቸው ሆርሞኑ በምት እንደወጣ አሳይተዋል።

በእነዚህ አጫጭር ምቶች ላይ የቀንና የሌሊቱ ዑደት ይደረባል። ኮርቲሶል ጠዋት ከእንቅልፍ መንቂያ አካባቢ፣ ከ12 እስከ 3 ሰዓት፣ ከፍተኛው ላይ ይደርሳል፤ ከሌሊቱ 6 ሰዓት አካባቢ ዝቅተኛው ላይ። ጠዋት ምቶቹ ይበዛሉ ብሎ ማሰብ ይቀናል። ዮሐንስ ፌልድሃይስና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1990 ለኤሲቲኤች እንዳሳዩት ግን በቀንና በሌሊት መካከል የሚለወጠው የምቶቹ ብዛት ሳይሆን የእያንዳንዳቸው ትልቀት ነው። ለዚህ ነው የሌሊቱን ትናንሽ ምቶች የማያይ መለኪያ ስለ ዑደቱ የተሳሳተ ነገር የሚነግረን።

የሚታየው ቁጥርና የማይታየው ልቀት

ጣሪያ ላይ ያለ የውኃ ሮቶን እናስብ። ውኃ በመጣ ቁጥር ይሞላል፤ በታች ያለው ቧንቧ ግን ቀን ከሌት ያፈሳል። ማየት የምንችለው የውኃውን ከፍታ ብቻ ከሆነ፣ ከፍታው ስላልተለወጠ ውኃ አልመጣም ማለት አንችልም። የገባው ከወጣው እኩል ሆኗል ማለት ብቻ ነው።

ኮርቲሶልም እንዲሁ ነው። ደም ውስጥ ያለው መጠን በግማሽ የሚቀንስበት ጊዜ፣ ማለትም ግማሽ ዕድሜው፣ በአብዛኛው ከ60 እስከ 90 ደቂቃ ይሆናል። 66 ደቂቃ ብለን እንውሰድ። ዕጢው ፈጽሞ ካልለቀቀ መጠኑ በየ10 ደቂቃው በ10 በመቶ፣ በ20 ደቂቃ ውስጥ በ19 በመቶ ይወርዳል። ከ200 ተነስቶ ከ20 ደቂቃ በኋላ 162 ላይ መገኘት አለበት።

አሁን ሦስት ሰዎችን እንይ፤ ሦስቱም 200 ላይ ነበሩ። ከ20 ደቂቃ በኋላ የመጀመሪያው 260 ሆነ። ጭማሪው 60 ይመስላል፤ ዕጢው የለቀቀው ግን ቢያንስ 98 ነው፤ ምክንያቱም በመሃል የወጣውንም ተክቷል። ሁለተኛው 200 ላይ ቆየ። ግራፉ ቀጥ ያለ መስመር ነው፤ ዕጢው ግን 38 ለቋል። ሦስተኛው ወደ 180 ወረደ። እየወረደም እንኳ 18 ገብቷል። በዓይን የሚታየው ግራፍ ብቻውን የማያስተማምነው ለዚህ ነው፤ የዚህ ሁሉ ድካም ዓላማም የገባውን ከወጣው መለየት ነው።

ኤሲቲኤች በዚህ በኩል ይቀላል። ግማሽ ዕድሜው ከ10 እስከ 20 ደቂቃ ብቻ ስለሆነ ምቶቹ ሳይደራረቡ ተለያይተው ይታያሉ። አያያዙ ግን እጅግ አስቸጋሪ ነው፤ ወደ ኋላ እንመጣበታለን።

በየስንት ደቂቃው?

በጣም ርካሹ ምርጫ በየሰዓቱ መቅዳት ነው፤ በጣም አሳሳቹም እሱ ነው። የአንድ ሰው ምት በየ80 ደቂቃው ይመጣል እንበል። በየ60 ደቂቃው የሚቀዳ ሰው ግራፉን ሲያወጣ በየ240 ደቂቃው፣ ማለትም በየአራት ሰዓቱ የሚመጣ ውብ ሞገድ ያገኛል። ያ ሞገድ ሰውዬው ውስጥ የለም። ናሙናው አንዴ ጫፉ ላይ፣ አንዴ ጎኑ ላይ፣ አንዴ ግርጌው ላይ እያረፈ የፈጠረው ነው። ክፋቱ ደግሞ ግራፉ የተዝረከረከ ስለማይሆን ማንም አይጠረጥረውም።

በየ20 ደቂቃው መቅዳት ትልልቆቹን የኮርቲሶል ምቶች ይይዛል። ለኤሲቲኤች ግን ይሰፋል፤ በ20 ደቂቃ ውስጥ ምቱ ጫፍ ደርሶ በግማሽ ሊወርድ ይችላል። ስለዚህ ሁለቱንም ለሚለካ ሰው 10 ደቂቃ የተለመደው ምርጫ ነው። 5 ደቂቃ ይሻላል የሚል ካለ መልሱ ላብራቶሪው ውስጥ ነው፦ በ5 ደቂቃ ኮርቲሶል የሚወርደው 5 በመቶ ብቻ ሲሆን መለኪያው ራሱ 5 በመቶ የሚሳሳት ከሆነ፣ የምናየው የመለኪያውን መንቀጥቀጥ ነው። በ10 ደቂቃም ቢሆን ጠበብ ይላል። የሁለት ነጠላ ልኬቶች ልዩነት ላይ ስህተቱ ወደ 7 በመቶ ያድጋል፤ እያንዳንዱ ናሙና ሁለት ጊዜ ከተለካ ግን ወደ 5 በመቶ ይመለሳል። እያንዳንዱን ናሙና በድርብ መለካት ቅንጦት አይደለም የሚባለው ለዚህ ነው።

ቀጥሎ የደሙ ሒሳብ አለ። በየ10 ደቂቃው ለ24 ሰዓት 145 ናሙና ነው፤ የመነሻው ጭምር። እያንዳንዱ 2 ሚሊ ሊትር ከሆነ 290 ሚሊ ሊትር። ይህ አንድ ሰው ከሚለግሰው 450 ሚሊ ሊትር ያንሳል፤ የሚያስፈራ አይደለም። ግን ከካኑላው በሚነሳው ቱቦ ውስጥ የቆመው ሳላይን (የጨው ውኃ) ናሙናውን እንዳያቀጥን ከእያንዳንዱ ናሙና በፊት 3 ሚሊ ሊትር ተስቦ ቢደፋ፣ የሚደፋው ብቻ 435 ሚሊ ሊትር ይሆናል፤ ድምሩ 725። የአሜሪካ የምርምር ደንብ በፈጣን ግምገማ ለሚያልፉ ጥናቶች ከጤነኛ አዋቂ በ8 ሳምንት ውስጥ የሚፈቅደው 550 ሚሊ ሊትር ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የተሳበው ደም አይደፋም፤ ንጽሕናው ተጠብቆ ወደ ሰውየው ይመለሳል። ለልጆች ገደቡ በኪሎ 3 ሚሊ ሊትር ወይም በጠቅላላው 50 ሚሊ ሊትር ነው፤ አነስተኛው ይወሰዳል። በእነሱ ላይ የ24 ሰዓት ጥናት በዚህ መልክ ማሰብ አይቻልም ማለት ይቻላል።

ተሳታፊው ከመግባቱ በፊት

ሄሞግሎቢን መጀመሪያ ይለካል፤ ደም ማነስ ያለበት ሰው አይገባም። በፈረቃ ሌሊት የሚሠራ፣ ወይም በቅርቡ ከዋሽንግተን አዲስ አበባ የገባና እንቅልፉ ያልተስተካከለ ሰው የራሱን ሰዓት ይዞ ስለሚመጣ ይቆያል።

መድኃኒት ላይ ብዙ ጥናት ይበላሻል። ፕሬድኒሶሎን የሚባለው የስቴሮይድ መድኃኒት በአንዳንድ መመርመሪያዎች ራሱ ኮርቲሶል መስሎ ይነበባል። ለአስም የሚሳቡ፣ ለመገጣጠሚያ የሚወጉ፣ ለቆዳ የሚቀቡ ስቴሮይዶች የራስን ኮርቲሶል ሊያዳክሙ ይችላሉ። እኛ ዘንድ በተለይ የሚረሳው ፊት ለማቅላት የሚቀባው ክሬም ነው። ክሎቤታሶል ያለበት ክሬም ለወራት የተቀባ ሰው አድሬናሉ ሊተኛ ይችላል፤ «መድኃኒት ትወስዳለህ?» ተብሎ ሲጠየቅ ግን «አልወስድም» ይላል፤ ክሬም መድኃኒት አይመስለውማ። ጥያቄው «ምን ትቀባለህ?» ተብሎ ለብቻው መጠየቅ አለበት።

ኤስትሮጅን ያለበት የወሊድ መቆጣጠሪያ እንክብል ደግሞ ሌላ ችግር ያመጣል። ደም ውስጥ ካለው ኮርቲሶል 80 ወይም 90 በመቶው ሲቢጂ በሚባል ተሸካሚ ፕሮቲን ላይ ተቀምጦ ነው የሚሄደው፤ ነፃ ሆኖ የሚሠራው 5 በመቶ ገደማ ነው። ኤስትሮጅን ሲቢጂን ስለሚያበዛ ጠቅላላው ኮርቲሶል ሳይጨነቁ ከፍ ይላል። ስለዚህ እንክብሉ ከስድስት ሳምንት በፊት ይቆማል፤ አለበለዚያ ነፃው ኮርቲሶል ይለካል። ለጸጉርና ለጥፍር ተብሎ የሚወሰደው ባዮቲንም አንዳንድ መመርመሪያዎችን ስለሚያሳስት ቢያንስ ከሁለት ቀን በፊት ይቁም።

ቡና ኮርቲሶልን ከፍ ያደርጋል፤ በጥናቱ ቀን አይጠጣም። በቀን ሦስት ጊዜ ለለመደ ሰው ግን ድንገት መከልከል ራስ ምታት ያመጣል፤ ራስ ምታቱም ራሱ ጭንቀት ነው። ከአራት አምስት ቀን በፊት ጀምሮ ቀስ በቀስ ማስቀነስ ይሻላል። ምግብም ሰዓቱ የታወቀ መሆን አለበት፤ ከምሳ በኋላ የሚመጣ የኮርቲሶል ጉብታ የታወቀ ነገር ነው። ሁሉም ተሳታፊ በአንድ ሰዓት ተመሳሳይ ምሳ ካልበላ ሰዎቹን ማወዳደር አይቻልም።

ክፍሉ ውስጥ

ካኑላው ባለ 20 ቁጥር፣ ማለትም ሮዙ፣ ወይም ደም ሥሩ ከፈቀደ ባለ 18ቱ አረንጓዴ ነው። ክርን መታጠፊያ ላይ ማስገባት ቀላል ነው፤ ግን ሰውየው ተኝቶ እጁን ባጠፈ ቁጥር ይዘጋል። ክንዱ ላይ ቀጥ ያለ ደም ሥር መፈለግ ይሻላል። መርፌው ራሱ ኮርቲሶልን ስለሚያስነሳ የመጀመሪያው ናሙና ከመቀዳቱ ቢያንስ ሁለት ሰዓት ቀድሞ ይገባል። እንቅልፍ ለሚጠናበት ሥራ ደግሞ ሰውየው አንድ ሌሊት እዚያው ክፍል ተኝቶ ይለምዳል፤ በአዲስ አልጋ የመጀመሪያ ሌሊት ማንም ደህና አይተኛም።

ከካኑላው የሚነሳው ረጅም ቱቦ በግድግዳ ቀዳዳ ወደ ጎረቤት ክፍል ይሄዳል፤ ቀጂው ሌሊት ሰውየው ጋ መግባት የለበትም። 1.5 ሜትር ርዝመትና 1 ሚሊ ሜትር የውስጥ ስፋት ያለው ቱቦ 1.2 ሚሊ ሊትር ገደማ ይይዛል። ባዶ ቦታው ይህ ነው፤ 3 ሚሊ ሊትር መጀመሪያ መሳብ ከሁለት እጥፍ በላይ ስለሚሆን ያጸዳዋል።

አንዱ ቅጂ እንዲህ ይሄዳል። ከሰዓቱ አንድ ደቂቃ ቀደም ብሎ በባለ ሦስት መንገዱ ስቶፕኮክ (መክፈቻና መዝጊያ) ሳላይኑ ይዘጋል። በአንድ ንጹሕ ሲሪንጅ 3 ሚሊ ሊትር በቀስታ ይሳባልና ሲሪንጁ እንደተያያዘ በአንዱ መንገድ ላይ ይቆያል። በሁለተኛው ሲሪንጅ 2 ሚሊ ሊትር ይቀዳል፤ የዚህ ሰዓት ነው የሚመዘገበው። የመጀመሪያው ደም ይመለሳል፤ በ2 ሚሊ ሊትር ሳላይን ይታጠባል፤ ሳላይኑ በሰዓት 20 ሚሊ ሊትር ገደማ ሆኖ እንደገና ይንጠባጠባል። ሙሉው ሥራ ከሁለት ደቂቃ ማለፍ የለበትም። በኃይል መሳብ ሁለት ጥፋት አለው፦ ደም ሥሩ ተጣብቆ ይዘጋል፣ ቀይ የደም ሴሎች ይፈነዳሉ። ከፈነዱ ሴሎች የሚወጡት ኢንዛይሞች ኤሲቲኤችን ይበሉታል።

ቱቦው እንዳይዘጋ ሄፓሪን የሚጨምሩ አሉ። ለኮርቲሶል ብዙም አይጎዳም፤ ግን ሄፓሪን ደም ውስጥ የሰባ አሲድን ስለሚያበዛ ከዚያው ናሙና ነፃ የታይሮይድ ሆርሞን ሊለካ ለታሰበ ሰው ውጤቱን ያበላሻል።

ሰውየው ከተነሳና ከቆመ የደሙ ውኃ ወደ እግር ሕብረ ሕዋስ ይወጣና ፕሮቲኑ ይጠጥራል፤ ከፕሮቲን ጋር የሚሄደው ኮርቲሶልም አብሮ የጨመረ ይመስላል። ስለዚህ ጋደም ወይም ከፍ ብሎ ይቀመጣል፤ ከተነሳም ይመዘገባል።

ኤሲቲኤች የሚለካ ከሆነ ደሙ ቀድሞ በቀዘቀዘ፣ ሐምራዊ ክዳን ባለው የኢዲቲኤ ቱቦ ውስጥ ይገባል፤ ፕላስቲክ መሆን አለበት፤ ኤሲቲኤች ተራ ጠርሙስ ላይ ይጣበቃል። ቀስ ብሎ ስድስት ሰባት ጊዜ ይገለበጣል፤ በረዶ ላይ ይቀመጣል፤ በ4 ዲግሪ በሚሽከረከር ሴንትሪፊዩጅ ቶሎ ይለያል። ከ2 ሚሊ ሊትር ደም አንድ ሚሊ ሊትር የማይሞላ ፕላዝማ ይገኛል፤ በሁለት ትናንሽ ቱቦ ተከፍሎ በ80 ዲግሪ ከዜሮ በታች ይቀመጣል፤ አንዱ ለምርመራ፣ ሌላው ለመጠባበቂያ። መብራት በሚጠፋበት ቦታ ሁለቱን በአንድ ፍሪዘር ማስቀመጥ መጠባበቂያ አይባልም። ኮርቲሶል ብቻውን ቢሆን ይህ ሁሉ ጥድፊያ አያስፈልግም፤ እሱ ጠንካራ ሞለኪውል ነው።

መለያ ወረቀቶቹ ከ001 እስከ 145 ቀድመው ይታተማሉ። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ በእጅ የሚጻፍ ቁጥር አይታመንም። ሰዓት ደግሞ እኛ ጋ ልዩ ጥንቃቄ ይፈልጋል፦ ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓትና የነርሷ አነጋገር በስድስት ሰዓት ይለያያሉ። «ሦስት ሰዓት ላይ» የተባለ ናሙና ለኮምፒውተሩ 3፣ 9፣ 15 ወይም 21 ሊሆን ይችላል። ቅጹ ላይ ባለ 24 ሰዓቱ ብቻ ይጻፍ። ናሙና ቢዘገይም በተቀዳበት ትክክለኛ ደቂቃ ይመዝገብ እንጂ መቀዳት በነበረበት ሰዓት አይመዝገብ።

የውሸት ምት ሲገጥም

እዚህ ላይ ግማሽ ዕድሜው ውለታ ይውላል። ዕጢው መልቀቅ ይችላል እንጂ የለቀቀውን መልሶ መሳብ አይችልም። ስለዚህ ኮርቲሶል በፈለገው ፍጥነት ሊወጣ ይችላል፤ መውረድ የሚችለው ግን በተወሰነ ፍጥነት ብቻ ነው። 300፣ 150፣ 280 የሚል ተከታታይ በ10 ደቂቃ ልዩነት ከታየ መሃሉ ስህተት ነው፤ በ10 ደቂቃ ወደ ግማሽ የሚወርድ ኮርቲሶል የለም። አብዛኛውን ጊዜ ሳላይን ገብቶበታል። ማረጋገጫው ቀላል ነው፦ የዚያው ቱቦ ጠቅላላ ፕሮቲን ይለካ፤ እሱም በግማሽ ከወረደ ተቀጥኗል። 200፣ 390፣ 195 ከሆነ ደግሞ ጫፉ ውሸት ነው፤ እውነተኛ ምት ጅራት አለው፣ ለአንድ ሰዓት ያህል እየተጎተተ ነው የሚወርደው። የተቀያየሩ ሁለት ቱቦዎች ደግሞ ጉብታና ጉድጓድ ጎን ለጎን ሆነው ይታያሉ። እንደዚህ ዓይነቱን ናሙና ከመጠባበቂያው ቱቦ ደግሞ መለካት እንጂ በመካከለኛ ግምት መሙላት ነውር ነው።

ሌላው የውሸት ምት ምንጭ የምርመራ ሳህኑ ነው። 96 ጉድጓድ ያለው ሳህን ላይ ሰባት መመዘኛና ሦስት መቆጣጠሪያ በድርብ 20 ጉድጓድ ይወስዳሉ። የቀረው 76 ለ38 ናሙና ይበቃል። ስለዚህ የአንድ ሰው 145 ናሙና አራት ሳህን ይሞላል። በሳህኖቹ መካከል 8 በመቶ ልዩነት ቢኖር፣ በ38ኛውና በ39ኛው ናሙና መካከል ዕጢው ያልሠራው ደረጃ ይወጣል። መፍትሔው የእያንዳንዱን ሳህን የመጨረሻ ሁለት ናሙናዎች በቀጣዩ ሳህን መጀመሪያ ላይ መድገም ነው፤ የአንድ ሰው ናሙናዎች ደግሞ በአንድ ቀን፣ በአንድ ዙር መሣሪያ ይለካሉ። አቅም ላለው፣ ሞለኪውሎችን በክብደታቸው የሚለየው ማስ ስፔክትሮሜትሪ ኮርቲሶልን ከዘመዶቹ ስቴሮይዶች በደንብ ይለያል።

ከቁጥር ወደ ልቀት

እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የወጡት ፕሮግራሞች፣ ፑልሳርና ክላስተር፣ የሚጠይቁት አንድ ጥያቄ ነው፦ ይህ ጭማሪ ከመለኪያው ስህተት ይበልጣል ወይ? ክላስተር ለምሳሌ ሁለት ሁለት ናሙናዎችን አንድ ላይ እያሰረ ከፊታቸውና ከኋላቸው ካሉት ጋር ያወዳድራል። ዲኮንቮሉሽን የሚባለው ስሌት ደግሞ አንድ እርምጃ ይሄዳል፤ ከላይ በ200ና በ260 እንደሠራነው መውጫውን አስልቶ ልቀቱን ይመልሳል፤ የምቱን ሰዓት፣ መጠንና ቆይታ ለየብቻ ይሰጣል። ፌልድሃይስና ማይክል ጆንሰን በቨርጂኒያ ይህን ለሆርሞን እ.ኤ.አ. በ1987 አቅርበውታል።

ሁለቱም የሚሰጡት ቁጥር በተሰጣቸው ግምት ላይ ይቆማል። ግማሽ ዕድሜውን አሳጥሮ ለሰጠ ሰው ብዙ ልቀት ይወጣለታል። በተጨማሪ ኮርቲሶል ከ500 ናኖሞል በላይ አካባቢ ሲደርስ ሲቢጂ ይሞላና ነፃው ድርሻ ያድጋል፤ አወጣጡም ይለወጣል፤ አንድ ግማሽ ዕድሜ ለሁሉም አይሠራም። ፕሮግራሙን ለመፈተን የሚበጀው ቀላሉ ዘዴ የአንድ ሰው ፕላዝማ አንድ ላይ ተደባልቆ በሃያ ቱቦ ተከፍሎ እንደ ተከታታይ ናሙና መለካት ነው። እዚያ ምት የለም። ፕሮግራሙ ሁለት ሦስት ምት ካገኘ መመዘኛው ልል ነው።

ይህ ሁሉ ምን አስገኘ? ኮርቲሶል ከልክ በላይ በሚመረትበት በኩሺንግ በሽታ የሌሊቱ ዝቅታ እንደሚጠፋና ልቀቱ ሥርዓት እንደሚያጣ ታይቷል፤ ለዚህ ነው ሐኪሞች የሌሊት 6 ሰዓትን ኮርቲሶል የሚፈልጉት። እ.ኤ.አ. በ2018 የብሪስቶል ቡድን የጤነኛ ወንዶችን የራሳቸውን ኮርቲሶል በመድኃኒት አግዶ ሃይድሮኮርቲሶንን (በመድኃኒት መልክ ያለ ኮርቲሶል) በፓምፕ ሲሰጥ፣ በምት የሰጠውና ሳይቆራረጥ የሰጠው ተመሳሳይ መጠን በስሜትና በማሰብ ሥራ ላይ እኩል ውጤት አላመጣም። አድሬናላቸው ለማይሠራ፣ በቀን ሁለትና ሦስት ጊዜ እንክብል ለሚውጡ ሰዎች ይህ ትልቅ ጥያቄ ነው።

በተራ ክሊኒክ ግን ማንም 145 ናሙና አይቀዳም፤ አያስፈልግምም። አድሬናሉ መሥራቱ ሲያጠራጥር 250 ማይክሮግራም ሰው ሠራሽ ኤሲቲኤች ተሰጥቶ ከ30 ወይም ከ60 ደቂቃ በኋላ ይለካል፤ ምቱን ራሳችን ስለምንፈጥረው የት ላይ እንዳለን እናውቃለን። ምራቅ ነፃውን ኮርቲሶል ያሳያል፤ ለሌሊት ምርመራ ምቹ ነው፤ በየአሥር ደቂቃው ግን የተኛን ሰው ቀስቅሶ ምራቅ መጠየቅ ሊለካ የታሰበውን እንቅልፍ ያጠፋዋል። የ24 ሰዓት ሽንት ድምሩን ይነግራል፤ ምቱን አይነግርም።

አዲሱ መንገድ ማይክሮዳያሊሲስ ነው። ከቆዳ ሥር ቀጭን ቱቦ ገብቶ በሚለበስ ትንሽ መሣሪያ በየ20 ደቂቃው የሕብረ ሕዋስ ፈሳሽ ይሰበስባል። እ.ኤ.አ. በ2023 በወጣ ጥናት 214 ጤነኛ ሰዎች ይህን መሣሪያ ታጥቀው የ24 ሰዓት የስቴሮይድ መስመራቸው ተለክቷል፤ ደም ሳይቀዳ። የሚለካው ግን ሕብረ ሕዋስ ውስጥ ያለውን ነፃ ስቴሮይድ ነው። ኤሲቲኤች እዚያ ውስጥ የለም። አድሬናሉ የዘገየው በራሱ ስንፍና ነው ወይስ ትእዛዙ ዘግይቶ ነው የሚለውን ለመለየት አሁንም ካኑላ፣ በረዶና ሐምራዊው ቱቦ ያስፈልጋሉ።